ገበያ ላልመጣው ሰው የሚገዛ ልብስ

ወረታ ላይ የልብስ ነጋዴ የዓመቱን ዕድል የሚያውቀው ከሩዙ ነው። ክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሲወጡ የፎገራ ሜዳ ውሃ ይተኛበታል፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሩዙ ይታጨዳል፣ ይወቃል፣ በከተማዋ መፈልፈያዎች አልፎ በአይሱዙ ተጭኖ ይወጣል። ገንዘቡ ገበሬው እጅ ሲገባ ገና ደርሷል። ከገና ቀጥሎ ጥምቀት፣ ከጥምቀት ቀጥሎ የጥር ሠርግ ነው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚባለው እዚህ ለወግ ብቻ አይነገርም፤ በእነዚህ ሳምንታት ያልተሸጠ ልብስ መደርደሪያ ላይ ሆኖ ፋሲካን ይጠብቃል።

ወቅቱ ሊገባ ሲል ነው አንድ ወጣት አንዲት የልብስ ነጋዴ ዘንድ ሐሳቡን ይዞ የሄደው። ባሕር ዳር ሶፍትዌር ያጠና የወረታ ልጅ ነው። በኢንተርኔት ልብስ መሸጥ አላሰበም፤ ሰው በእግሩ ሱቅ ገብቶ ሲገዛ የሚገጥመውን ድካም የሚያቃልል የስልክ መተግበሪያ መሥራት ነው የፈለገው። የሁለቱ ስም እዚህ አይነሣም። ወጣቱና ባለሱቋ ብሎ መጥራት ይበቃል፤ እንደ እነሱ የሚከራከሩ ሰዎች በባሕር ዳርም በመርካቶም ሞልተዋልና ምልልሱ የብዙዎች ነው።

«እትዬ፣ ሰው እዚህ ሲገባ መጀመሪያ የሚቸግረው ምንድን ነው?»

«ብር።»

«ከብር ሌላ?»

«ሌላውንማ አንተ ንገረኝ እንጂ። በሽታውን ሳታውቅ ነው መድኃኒት ይዤ መጣሁ የምትለኝ?»

ወጣቱ አላፈረም። ስልኩን አውጥቶ የነደፋቸውን ገጾች አሳያቸው። እያንዳንዱ ልብስ ላይ ኮድ ይለጠፋል፤ ገዥው በካሜራው ያነሣዋል፤ ያሉት ቁጥሮችና ቀለሞች ይዘረዘሩለታል፤ የሚመርጠውን ይነካል።

«ከራሴ ያመጣሁት አይደለም» አለ። «አሜሪካ ውስጥ አማዞን የከፈተው የልብስ ሱቅ ነበር፤ ካሊፎርኒያ፣ ግሌንዴል በምትባል ከተማ። ከእያንዳንዱ ልብስ አንድ አንድ ብቻ ይሰቀላል። ገዥው ኮዱን አንሥቶ ቁጥሩን ሲመርጥ ልብሱ ከመጋዘን ወጥቶ መለኪያ ክፍል ውስጥ ይጠብቀዋል። ጠበበኝ ካለ እዚያው በክፍሉ ስክሪን ሌላ ያዛል።»

«‹ነበር› ነው ያልከኝ?»

«አዎ፤ ተዘግቷል።»

ባለሱቋ ሳቁ። ወጣቱም አብሮ ሳቀ።

ሱቁ የተከፈተው በግንቦት 2014 ዓ.ም. ነበር። ኦሃዮ ውስጥ ሁለተኛ ቅርንጫፍ ተከተለው፤ በ2016 መጀመሪያ ግን ሁለቱም ተዘጉ፤ ኩባንያው በኢንተርኔት ሽያጩ ላይ ማተኮር እንደመረጠ አስታወቀ። ከዚያ በፊትም ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2012 ናዲያ ሹራቡራ የተባለች የቀድሞ የአማዞን ኃላፊ ሲያትል ውስጥ ሆይንተር የሚባል የጂንስ ሱቅ ከፍታ ነበር፤ ገዥው በስልኩ ያዘዘው ሱሪ በቱቦ ተንሸራቶ መለኪያ ክፍሉ ውስጥ ይወድቅለት ነበር። ከሁሉም የሚያስቀው የፋሽን ኩባንያው የፕራዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ስመ ጥሩው የሥነ ሕንፃ ሰው ሬም ኩልሃስ በነደፈው የኒው ዮርክ ሱቅ የመለኪያ ክፍሎቹ በር መስታወት ሆኖ በእግር በሚረገጥ ቁልፍ ይደበዝዝ ነበር። ቁልፉ ያልገባቸው ደንበኞች ደብዝዟል ብለው በሚያሳይ መስታወት ኋላ ልብሳቸውን ያወልቁ ነበር። ብዙ ሚሊዮን ዶላር የወጣበት ሱቅ ነው።

«እኔ ዘንድ መጋዘኑና መደርደሪያው አንድ ነው» አሉ ባለሱቋ። «ያለኝ ሁሉ የተሰቀለው ነው። ሰው በር ላይ ቆሞ ሁሉንም ያየዋል። ምን ሊፈልግ ስልክ ያወጣል? ‹ቁጥር 32 አለሽ?› ቢለኝ እመልስለት የለ?»

«እርስዎ ከሌሉስ?»

«ልጄ አለች።»

«ሱቁ በሰው ሲሞላስ?»

«ሱቁ በሰው ሲሞላ ኮድህን ለማንሣትም ቦታ የለም።»

የመጀመሪያው ንድፍ እዚህ ላይ ወደቀ። ወጣቱ አልሞገተም፤ ያደረገው ነገር የሚያስመሰግነው ነው፤ ስልኩን ኪሱ ከትቶ ሰው ሲገዛ ማየት ጀመረ።

አንዲት ሴት ገብታ ሱሪ አነሣች። ወገቡን አጥፋ አንገቷ ላይ አዞረችው፤ ጫፍና ጫፉ አልገጠመም፤ መለሰችው። ሌላው ገጠመላት፤ ዋጋ ጠየቀች። ሌላዋ ቀሚሱን ከለበሰችው በላይ አጥልቃ ትከሻዋን ግራና ቀኝ እያየች አወለቀችው።

«ለምን ገብታ አትለካውም? መጋረጃ አለ አይደል?»

«መጋረጃው ከመንገዱ ሁለት እርምጃ ነው። ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ነፋስ ያነሣዋል። የሰው ልጅ እዚያ ውስጥ ልብሷን አታወልቅም።»

«መስታወትስ?»

«አንድ አለች፤ ያውም ፊት የምታሳይ።»

«እንግዲያው የመጀመሪያው ሥራ መወርወሪያ ያለው በርና ቁመት የሚያሳይ መስታወት ነው።»

«ለዚህ ሶፍትዌር መማር ያስፈልጋል?»

አያስፈልግም። ግን በስልክ ሊፈታ የታሰበው ግማሹ ችግር በአናጢ እንደሚፈታ መረዳትም ንድፍ ነው፤ ብዙ የመተግበሪያ ሠሪዎች ይህን ግማሽ ይዘሉታል። መለኪያ ክፍሉ የሚያሳፍር ከሆነ የትኛውም ስክሪን ልብሱ ልክ መሆኑን አይነግራትም፤ ቤት ደርሳ ነው የምታውቀው። ከዚያ መመለስ፣ መለዋወጥ፣ መጨቃጨቅ ይመጣል። ብዙ ሱቆች «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ብለው ይለጥፋሉ። በሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 መሠረት ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ ማስለወጥ ወይም ገንዘቡን ማስመለስ ይቻላል፤ «ጠበበኝ» ግን ጉድለት ተብሎ አይቆጠርም፤ እሱ በባለሱቁ መልካም ፈቃድ ላይ ነው።

«አሁን ዋናውን ልንገርህ» አሉ ባለሱቋ፤ ግርግሩ ጋብ ሲል። «እነዚህ የከተማ ሰዎች ናቸው። ታኅሣሥ ላይ ከሜዳው የሚመጣው ገዥ ሌላ ነው። እሱ ለራሱ አይገዛም።»

«ለማን ይገዛል?»

«ለሚስቱ፣ ለልጆቹ፣ ለእናቱ። እነሱ ቤት ናቸው። ሩዙን የሸጠው እሱ ነው፤ ገበያ የመጣው እሱ ነው፤ ልብሱን የሚለብሱት ግን ዋገጠራና ናበጋ ቀበሌ ተቀምጠዋል።»

«ታዲያ ልካቸውን በምን ያውቃል?»

«በክር።»

የክሩ ነገር ወጣቱ ከሠራቸው ገጾች ሁሉ የበለጠ ሐሳብ ያለበት ነው። ሚስት ወገቧን በክር ትለካና ቋጠሮ ታደርግበታለች፤ ለቁመቷ ሌላ ቋጠሮ። ለልጅ ጫማ እግሩን ያህል የተቆረጠ ሸምበቆ ይላካል። አንዳንዱ ያለፈውን ዓመት ቀሚስ በፌስታል ጠቅልሎ ያመጣል። ምንም ያልያዘው ደግሞ ደጅ ወጥቶ መንገድ ላይ ከሚያልፉት ልጆች አንዱን ይጠቁማል፦ «ይኼን ያህላል፣ ትንሽ ይረዝማል።» ልጁ ይጠራል፣ የማያውቀው ሰው ልጅ ሸሚዝ ጀርባው ላይ ይለካበታል፣ ከረሜላ ይሰጠውና ይሄዳል።

ከፕራዳ እስከ አማዞን የተነደፉት ሁሉ በአንድ ግምት ላይ ቆመዋል፤ የሚከፍለውና የሚለብሰው አንድ ሰው ነው፣ ያም ሰው ሱቁ ውስጥ ነው። መስታወቱም፣ ስክሪኑም፣ ክፍሉም ለእሱ ነው። ፎገራ ሜዳ ላይ፣ ቢያንስ በሩዝ ወቅት፣ ይህ ግምት አይሠራም። ለባሹ ገበያ አልመጣም። እዚህ «የሱቅ ውስጥ ግብይትን ማሻሻል» ማለት በአብዛኛው ሱቅ ውስጥ ለሌለ ሰው በትክክል መግዛት ማለት ነው። ይህን የሚፈታ መተግበሪያ የሚሠራ ሰው ከሲያትልም ከግሌንዴልም የሚገለብጠው ነገር አያገኝም፤ መነሻው ቋጠሮው ነው።

«ለምን ሱቁ ውስጥ ሆኖ አይደውልላትም?» ሲል ጠየቀ ወጣቱ።

«ይደውላል እንጂ! ‹ቀይ ነው አረንጓዴ?› ይላታል። ‹እንደ ጎረቤታችን› ትለዋለች። የጎረቤቷን እኔ የት አውቀዋለሁ?»

«ፎቶ ይላክላት።»

«በምን ስልክ? ስልኳ ተራ ነው። ደግሞ ኔትዎርኩን ተወው።»

የኔትዎርኩ ነገር በቀልድ የሚታለፍ አይደለም። በ2015 ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። ዕቃቸውን በቴሌግራም ቻናል ሲያሳዩ የነበሩ ነጋዴዎች በአንድ ጊዜ ደንበኞቻቸውን ማግኛ አጡ። እዚህ ሆኖ ለሱቅ የሚነድፍ ሰው ኢንተርኔት መጥቶ የሚሄድ ነገር እንደሆነ ቆጥሮ መነሣት አለበት፤ ሲኖር ይጠቀምበታል፣ ሲጠፋ ሥራው አይቆምም። ምሳሌው ሩቅ አይደለም። በግንቦት 2013 የተጀመረው ቴሌብር ስማርት ስልክ ለሌለው ሰው በ*127# ይሠራል። ከዚያም በፊት፣ በ2006 ዓ.ም. የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ያስጀመረው 8028 የገበሬዎች የስልክ መስመር ገበሬው በገዛ ቋንቋው ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ የተቀዳ ድምፅ እንዲሰማ አድርጓል፤ ማንበብ አይጠይቅም፣ ኢንተርኔትም አይጠይቅም፤ ሚሊዮኖች ደውለውበታል። ስለ ዘር በተራ ስልክ መስማት ከተቻለ ስለ ቀሚስ ልክም ይቻላል።

በዚህ መሀል ልብስ ሰፊው በጨዋታው ገቡ። ከሱቁ በረንዳ ላይ በእግር የምትረገጥ የስፌት መኪናቸውን ዘርግተው ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ሲሰሙ ነበር።

«ልጄ፣ ያ ቁጥር የምትለው ነገር ማን እንዳወጣው ታውቃለህ?»

«ፋብሪካው።»

«የትኛው ፋብሪካ? እዚህች ሱቅ ውስጥ ቁጥር 32 የተባለ ከቻይና የመጣ አለ፣ ከቱርክ የመጣ አለ። ጎን ለጎን አንጥፋቸው። እኔ በየቀኑ እያጠበብኩ እያሰፋሁ የምኖረው እኩል ስላልሆኑ ነው።»

«ልክ ነዎት ጋሼ፤ አሜሪካኖችም ተቸግረውበታል።»

ተቸግረዋል። እ.ኤ.አ. በ1939 እና በ1940 የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ወደ 15,000 የሚጠጉ ሴቶችን አስለክቶ ነበር፤ ከእያንዳንዷ 59 ልክ ተወሰደ። ጥቁር ሴቶች በጥናቱ አልተካተቱም። ከዚያ ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣው የልብስ ቁጥር መለኪያ በ1983 ተሻረ፤ ከዚያ ወዲህ ፋብሪካው ሁሉ የየራሱን ቁጥር ያወጣል። የጃፓኑ ዞዞ ኩባንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 ነጠብጣብ ያለበት የሰውነት ልብስ በነፃ አደለ፤ ደንበኛው ለብሶት በስልኩ ፎቶ ሲነሣ ነጠብጣቡ ተነብቦ ልኩ ይወጣል። ሐሳቡ ብልህ ነበር፤ የውጭ አገር ሥራው ግን ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ። ወረታ ላይ አንዲት እናት ነጠብጣብ ለብሳ ካሜራ ፊት ስትቆም ማሰብ ለልብስ ሰፊው የሳቅ ምንጭ ሆኖላቸዋል።

«ድሮ ቁጥር የሚባል አልነበረም» ብለው ቀጠሉ። «ሰው አቡጀዲውን በክንድ ይገዛና ወደ ሰፊ ያመጣዋል። መጀመሪያ ገላ ነው፣ ጨርቅ ከዚያ ነው። ባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከተከፈተ በኋላም ለብዙ ጊዜ እንደዚያው ነበር። አሁን ተሰፍቶ ይመጣል፤ ገላው ነው ልብሱን የሚፈልገው።»

ፋብሪካው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ የተሠራ ነው፤ የአካባቢው የጨርቅ ገበያ ታሪክ ያለ እሱ አይነገርም። ዛሬ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ። ልኬትንና ስፌትን በሳይንስ የሚያስተምር ተቋም ከወረታ 60 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ እያለ የሱቅ መተግበሪያ የሚሠሩት ልጆች ወደ እሱ ሳይሆን ወደ ዩቲዩብ መሄዳቸው የሚገርም ነው።

«ጋሼ፣ እርስዎ የደንበኛ ልክ ይጽፋሉ?»

«ደብተር አለኝ። ወገብ፣ ደረት፣ ትከሻ፣ የእጅ ርዝመት፣ ቁመት። የለካሁበትን ወርም እጽፋለሁ፤ በተለይ ለልጅ።»

«ወሩን ለምን?»

«ልጅ ያድጋላ! የመስከረም ልክ ለጥር አይሆንም። ለልጅ ሲሆን አንድ ቁጥር አሳልፈህ ትገዛለህ፤ እኔ እግሩንና እጁን አጥፌ እሰፋዋለሁ፤ ከርሞ እፈታዋለሁ። ግን ከስፌቱ ውስጥ የተረፈ ጨርቅ ያለው ልብስ መሆን አለበት። የአንዳንዱ ፋብሪካ ልብስ አንድ ጣት ጨርቅ አያስተርፍም፤ እሱን ማስፋት አይቻልም። ይኼን ስልክህ ያውቃል?»

ወጣቱ ይህኛውን ጻፈ። ከዚህ በኋላ ንድፉ ተገለበጠ ማለት ይቻላል። ገዥው የሚይዘው መተግበሪያ ቀረ። መተግበሪያው የባለሱቋና የልብስ ሰፊው ሆነ። አዲስ ዕቃ ሲገባ እያንዳንዱ ዓይነት ጠረጴዛ ላይ ተነጥፎ በሜትር ይለካል፤ ወገቡ፣ ደረቱ፣ ርዝመቱ በሴንቲ ሜትር ይመዘገባል፤ የሚሳብ ጨርቅ መሆኑ፣ የሚሰፋ ትርፍ ያለው መሆኑ ምልክት ይደረግበታል። ከዚያ አባት ክሩን ይዞ ሲመጣ ክሩ ሜትር ላይ ይዘረጋል፤ 74 ካለ፣ ከመደርደሪያው ለ74 የሚሆኑት የትኞቹ እንደሆኑ ስልኩ ይናገራል። ማጠበብ ብቻ የሚፈልገውንም ለይቶ፣ የልብስ ሰፊውን ዋጋ ደምሮ ያሳያል። ሁሉም እዚያው ስልክ ላይ ስለሚቀመጥ ኢንተርኔት አይፈልግም።

«ጥሩ» አሉ ባለሱቋ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። «ማን ነው የሚለካው?»

«እርስዎ፣ ወይም ልጅዎ።»

«ዕቃ ከአዲስ አበባ የሚገባልኝ ማታ ነው፤ ጠዋት መሸጥ እጀምራለሁ። መቼ ላንጥፈው?»

«ከእያንዳንዱ ዓይነትና ቁጥር አንዱን ብቻ።»

«እስከ ስንት ይሆናል?»

ወጣቱ ዝም አለ። ይህ የመላው ንድፍ ደካማ ቦታ ነው። መረጃ በራሱ አይገባም፤ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ያስገባዋል፤ ያ ሰው ደግሞ በወቅቱ ከሁሉም በላይ ሥራ የበዛበት ነው። የልብስ ኩባንያው ዛራ በዓለም ዙሪያ ባሉ ሱቆቹ ልብሱን በሬዲዮ ምልክት የሚቆጥረው ምልክቱ ከሱቅ በፊት ስለሚደረግበት ነው፤ ሻጩ የሚያስገባው ነገር የለም። ወረታ ላይ ዕቃው ጅምላ ሻጩ ዘንድ ሳለ ቢለካ አንድ ልኬት ለብዙ ሱቅ ይበቃ ነበር። ወጣቱ መርካቶን ማሳመን ገና አልጀመረም። ስለዚህ ለዘንድሮ በልጆች ልብስና በሴቶች ቀሚስ ብቻ ለመጀመር ተስማሙ፤ ክር የሚመጣው ለእነሱ ነውና።

ቀጥሎ ዋጋ ተነሣ፤ እዚህ ላይ ሁለቱም ጠንካራ ነበሩ።

«ዋጋውም በስልኩ ላይ ይታይ» አለ ወጣቱ። «ሰው የሚፈራው መጠየቁን ነው። የገጠሩ ሰው ‹ስንት ነው?› ሲል ነጋዴው ፊቱን አይቶ ዋጋ ይጠራል ይባላል።»

«እኔ ነኝ እንደዚያ የማደርገው?»

«እርስዎን አላልኩም፣ እትዬ።»

«ስማ፤ ዋጋ ብጽፍ የተጻፈውም ላይ ‹መጨረሻው ስንት ነው› ይሉኛል። ሳይከራከር የገዛ ሰው ተታለልኩ ብሎ ያድራል። ደግሞ ዋጋ ይቆማል እንዴ? ያ ዶላር የተለቀቀ ጊዜ ዛሬ የጻፍኩትን ነገ ስሰርዝ ነበር።»

የሚሉት ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን የተደረገበትን ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ ከውጭ የሚመጣ ልብስ ዋጋም አብሮ ዘለለ። ቢሆንም በዋጋው ክርክር ይህ ጽሑፍ ከወጣቱ ጋር ይቆማል። ያው አዋጅ 813/2006 ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲያሳይ ያዛል፤ ድርድሩ ካልቀረ እንኳ ከተጻፈ ዋጋ ቢጀመር ከሜዳው የመጣው ሰው ከከተሜው እኩል ከአንድ ቦታ ይነሣል። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለው የቴሌግራም ልማድ ወጣቱን ገዥ አሰልችቶታል፤ ሱቅ ውስጥ ያለው ዝምታም ከእሱ አይለይም። ባለሱቋ በመጨረሻ የፈቀዱት የልጆች ልብስ ላይ ቁርጥ ዋጋ መጻፍ ነው። «በልጅ ልብስ ላይ ብዙም አልከራከርም፤ ለአዋቂው ግን አትንካኝ» አሉ።

«ሌላ አንድ ነገር አለ» አሉ ቆይተው። «የሰው ሚስት ወገብ በእኔ ስልክ ውስጥ ሊቀመጥ ነው?»

ልብስ ሰፊው ሳቁ፤ ጥያቄው ግን ቀልድ አልነበረም።

«ደብተራቸው ውስጥስ ተቀምጦ የለ?» አለ ወጣቱ፤ ወደ ልብስ ሰፊው እያመለከተ።

«የእሳቸው ደብተር መሳቢያ ውስጥ ነው። ስልክ ይሰረቃል፤ ስልክ ይሸጣል። ስም ከነልኩ፣ ከነቀበሌው። ደግሞ ማን ምን ያህል እንደገዛ ሲመዘገብ ዱቤውም ይወጣል፤ ግብሩም ይመጣል።»

የግብሩ ፍርሃት በየሱቁ አለ፤ ብዙ ትንንሽ ነጋዴዎች ሽያጭ የሚቆጥር ነገር ሁሉ ለገቢዎች የሚያቃጥር ይመስላቸዋል። መተግበሪያው ሽያጭ ባይቆጥር፣ ልክ ብቻ ቢያገናኝ፣ ይህ ክርክር ይወድቃል፤ ወጣቱም ነድፎት የነበረውን የሽያጭ ገጽ አጠፋው። የሰው ልክ ጉዳይ ግን በሕግም የተያዘ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 የሰውን መረጃ የሚይዝ ሁሉ ለምን እንደያዘው እንዲያውቅና እንዲጠብቀው ያስገድዳል። የቤተሰብን ስምና የሰውነት ልክ ሰብስቦ የሚያስቀምጥ ሱቅ ከዚህ አያመልጥም።

መፍትሔው ከልብስ ሰፊው መጣ።

«ልኩ ለምን እናንተ ዘንድ ይቀመጣል? ለባለቤቱ ስጡት። በወረቀት ጽፌ ልስጠው፤ መታወቂያ የምታህል ካርድ። ሲመጣ ይዟት ይምጣ፤ አይታችሁ መልሱለት።»

«ሚስቱ ካልመጣች በምን ይለኳታል?»

«ክሩ አለ አይደል? ክሩን እለካና ሴንቲ ሜትሩን እጽፍለታለሁ። ከርሞ ክር አያስፈልገውም። ለልጆቹ በየዓመቱ አዲስ ክር ይላክ።»

ስለዚህ የዘመናዊው መተግበሪያ ዋና ክፍል ካርቶን ወረቀት ሆነ። ካርዱ ላይ የለባሹ ስም የለም፤ «እናት»፣ «ትልቋ ልጅ»፣ «ትንሹ» የሚል፣ ከጎኑ ሦስት ቁጥርና ወሩ። ማንበብ የማይችል አባትም ለባለሱቋ ያሳያታል፤ ለሌላ ሱቅም፣ ደብረ ታቦር ቢሄድም ያሳያታል። ባለሱቋ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ።

«ከእኔ በካርድ ተለክቶ ሄዶ ከሌላ ሊገዛ?»

«እዚህ ለልኩ የሚሆን ልብስ ካለ ወዴት ይሄዳል?» አለ ወጣቱ።

«ዋጋ ፍለጋ።»

«ታዲያ ይሂድ፣ እትዬ። የልጆቹ ዋጋ ተጽፏል፤ አይቶ ይመለሳል።»

አላመኑትም፤ ግን አልከለከሉትም። ለካርዱ ማሳተሚያ ግማሹን ልብስ ሰፊው ሊከፍሉ ተስማሙ፤ ስማቸውና የበረንዳቸው ቦታ ጀርባው ላይ ይጻፍላቸዋልና የሚያጠቡትና የሚያሳጥሩት ልብስ ይበዛላቸዋል ብለው ያስባሉ። ለመተግበሪያው ራሱ ባለሱቋ የሚከፍሉት እንደሌለ ወጣቱ ገብቶታል። ከጥምቀት በኋላ «ጠበበ፣ ሰፋ» ብሎ ሊያስለውጥ የሚመጣው ሰው ከአምናው ካነሰ ያን ጊዜ ስለ ክፍያ እንነጋገራለን ብለውታል። በሩና መስታወቱ ግን ተስማምተውባቸዋል፤ አናጢው ከገና በፊት ይመጣል።

በዚህ ዓመት ለቤተሰቡ ልብስ ሊገዛ ገበያ የሚወጣ አንባቢ መተግበሪያውን መጠበቅ አያስፈልገውም። ከቤት ሳይወጣ የእያንዳንዱን ሰው ወገብ፣ ደረትና ቁመት በሜትር ለክቶ በሴንቲ ሜትር ይጻፍ፤ የልጆቹን ልክ የወሰደበትን ወር ከጎኑ ያድርግ፤ ሱቅ ሲገባ የተለጠፈውን ቁጥር ትቶ ልብሱን አስነጥፎ ያስለካ፤ ከስፌቱ ውስጥ የተረፈ ጨርቅ መኖሩንም ገልብጦ ይይ።